የካናዳ ቤተሰቦች እንግሊዛዊ የዘር ሐረግ ጥናት

የካናዳ ቤተሰቦች እንግሊዛዊ የዘር ሐረግ ጥናት ማለት ከእንግሊዝ ተነሥተው በካናዳ የሰፈሩ ሰዎች ተወላጆች የቀደሙ አያቶቻቸውን ስም፣ የትውልድ ቦታና የኑሮ ታሪክ በጽሑፍ ማስረጃ የሚያፈላልጉበት ሥራ ነው። ሥራው በሁለት አገሮች መዛግብት ላይ ይመሠረታል፤ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ወዲህና ወዲያ ያሉት መዛግብት ግን በአንድ ዓይነት ሥርዓት የተዘጋጁ አይደሉም። የካናዳ መዝገብ ብዙውን ጊዜ ሰውየው «እንግሊዝ» እንደተወለደ ብቻ ይናገራል። የእንግሊዝ መዝገብ ደግሞ የተወለደበትን አጥቢያ ለማያውቅ ሰው እምብዛም አይከፈትም። ስለዚህ ጥናቱ በአብዛኛው የአንዲት መንደር ስም ፍለጋ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

የቤተሰብ ስም

በኢትዮጵያ ልማድ የሰው ስም ከአባቱ ስም ጋር ስለሚጠራ ስሙ ራሱ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ይወስዳል። በእንግሊዝ ግን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሁለተኛው ስም ሳይለወጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ነው። ጆን ስሚዝ የተባለ ሰው አባቱ ስሚዝ እንደሚባል ይታወቃል፤ ከብዙ ሺህ ስሚዞች የትኛው እንደሆነ ግን ስሙ አይናገርም። ሴት ስታገባ የባሏን የቤተሰብ ስም ስለምትወስድ፣ ከጋብቻዋ በፊት የነበራት ስም ካልተገኘ የእናት ወገን ሐረግ እዚያው ይቋረጣል። በዚህ ምክንያት የሴቶችን የቀድሞ ስም የሚገልጹ ሰነዶች በዚህ ጥናት ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ይፈለጋሉ።

የስሞች አጻጻፍም አንድ ወጥ አልነበረም። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ብዙ ሠራተኞች ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ስማቸውን የሚጽፈው ቄሱ ወይም ጸሐፊው እንደሰማው ነበር። በብዙ የእንግሊዝ አውራጃዎች አነጋገር በቃል መጀመሪያ ያለው የ«ህ» ድምፅ ስለሚዋጥ፣ ሃሪስ የተባለው ሰው በሌላ መዝገብ አሪስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የአንድ ቤተሰብ ስም በሦስት መዝገቦች በሦስት ዓይነት መጻፉ የተለመደ ነው። «የእኛ ስም እንዲህ አይጻፍም» ብሎ መዝገቡን መተው በዚህ ሥራ ከሚታዩት ስሕተቶች ዋነኛው ነው።

የስደቱ ዘመናት

ከእንግሊዝ ወደ ካናዳ ሰዎች በብዛት መጉረፍ የጀመሩት የናፖሌዎን ጦርነቶች በ1815 ካበቁ በኋላ ነው። ወታደሮች ከሥራ ተሰናበቱ፣ የእህል ዋጋ ወደቀ፣ በደቡብ እንግሊዝ ያሉ የቀን ሠራተኞች በአጥቢያቸው የድሆች መርጃ ገንዘብ ላይ ወደቁ። አንዳንድ አጥቢያዎች ድሆቻቸውን በየዓመቱ ከመቀለብ የመርከብ ዋጋ ከፍሎ መሸኘት ይረክሳል ብለው አሰቡ። ከእነዚህ ውስጥ በደንብ የሚታወቀው በሰሴክስ የሚገኘው የፔትወርዝ ዕቅድ ነው። የኤግረሞንት መስፍን በገንዘብ፣ የአጥቢያው ቄስ ቶማስ ሶኬት በአስተዳደር እየመሩት ከ1832 እስከ 1837 ድረስ ወደ 1,800 የሚጠጉ ሰዎች ከፖርትስመዝ ወደብ ተነሥተው ወደ ላይኛው ካናዳ (ዛሬ ኦንታሪዮ) ተጓዙ። ስደተኞቹ ለዘመዶቻቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች በዚያው ዘመን ታትመው ስለነበር፣ የተራ የገበሬ ቤተሰብ ድምፅ በጽሑፍ ከቀረባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ነው።

በዚያው በ1832 ኮሌራን ለመከላከል በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ በምትገኘው በግሮስ ኢል ደሴት የበሽታ መቈያ ጣቢያ ተቋቋመ፤ እስከ 1937 ድረስ ወደ ኬቤክ የሚገቡ መርከቦች እዚያ ይመረመሩ ነበር።

ሁለተኛውና ትልቁ ማዕበል ከ1896 ገደማ እስከ 1914 የቆየው ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ክሊፎርድ ሲፍተን ምዕራባዊውን ሜዳ በሰፋሪ ለመሙላት ዘመቻ ከፈተ፤ በ1903 የባር ሰፋሪዎች የሚባሉት እንግሊዛውያን ዛሬ ሎይድሚንስተር በተባለችው ከተማ አካባቢ ሰፈሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የካናዳ ወታደሮችን ያገቡ ከ40,000 በላይ የብሪታንያ ሴቶች ባሎቻቸውን ተከትለው መጡ። ብዙዎቹ በሃሊፋክስ ፒር 21 በተባለው መግቢያ አለፉ፤ ይህ መግቢያ ከ1928 እስከ 1971 ሠርቷል።

ዘመኑን ማወቅ የሚጠቅመው የትኛው መዝገብ ሊኖር እንደሚችል ስለሚወስን ነው። በ1832 የመጣ ሰው የመንገደኛ ዝርዝር አይኖረውም ማለት ይቻላል፤ በ1926 የመጣው ግን የተወለደበት ቦታና እንግሊዝ ውስጥ የቀረው የቅርብ ዘመዱ አድራሻ ሳይቀር ተመዝግቧል።

በካናዳ በኩል የሚገኙ ማስረጃዎች

ልምድ ያላቸው ተመራማሪዎች በካናዳ ያለውን ማስረጃ ሁሉ ሳይጨርሱ ወደ እንግሊዝ መዝገብ አይሻገሩም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመንደሩ ስም ሊገኝ የሚችለው ስደተኛው ከመጣ በኋላ ስለ ራሱ ከተናገረው ነው።

የካናዳ የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች የሰዎችን ስም በብዛት መያዝ የጀመሩት በ1851 ነው፤ ይህ ቆጠራ በኦንታሪዮና በኬቤክ በተግባር የተካሄደው በ1852 መጀመሪያ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየ10 ዓመቱ ተካሂዷል። የ1891 ቆጠራ የወላጆችን የትውልድ አገር ይጠይቃል፤ የ1901 ቆጠራ የልደት ቀንና ወደ ካናዳ የተገባበትን ዓመት ይጨምራል። ቆጠራዎቹ ለሕዝብ የሚከፈቱት ከ92 ዓመት በኋላ ስለሆነ የ1931ዱ የተከፈተው በ2023 ነው። በእነዚህ ሁሉ የትውልድ ቦታ ዓምድ «እንግሊዝ» ከማለት እምብዛም አያልፍም። የመግቢያው ዓመትም ቢሆን ሰው ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ አስታውሶ የተናገረው ነውና ሁለት ሦስት ዓመት ወዲህና ወዲያ ማለቱ አያስገርምም።

የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በካናዳ የክፍለ ሀገራት ሥራ ነው። ኦንታሪዮ በሐምሌ 1869፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1872 ጀመሩ። በኬቤክ ለረጅም ዘመን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ራሱ የመንግሥት መዝገብ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ፕሮቴስታንቶቹም ሳይቀሩ አንዱን ቅጂ ለፍርድ ቤት ያስረክቡ ነበር። የኦንታሪዮ የጋብቻ ምዝገባ ለዚህ ጥናት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የሙሽራውንና የሙሽራይቱን እናቶች ከጋብቻ በፊት ከነበራቸው ስም ጋር ይመዘግባልና። የእንግሊዝ የጋብቻ ምስክር ወረቀት እስከ 2021 ድረስ የአባቶችን ስም ብቻ ነበር የሚይዘው። ስለዚህ በካናዳ ያገባ ወንድም ወይም እህት ካለ፣ እንግሊዝ ውስጥ አግብቶ የመጣውን ሰው እናት ስም ከወንድሙ የጋብቻ መዝገብ ማግኘት ይቻላል።

ከመንግሥት መዝገብ ውጭ የመቃብር ድንጋይና የጋዜጣ የሞት ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ያልተጠበቀ ፍሬ ይሰጣሉ። «የዴቨን ተወላጅ» ወይም የአንዲት መንደር ስም በድንጋይ ተቀርጾ የሚገኘው ሟቹ ስለ አገሩ በሕይወቱ ሁሉ ሲያወራ ስለኖረ ነው። የገጠር ጋዜጦች የቀደሙ ሰፋሪዎችን ሞት በሰፊው ይዘግቡ ነበር።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የካናዳ ጦር መዝገብ የተለየ ቦታ አለው። ከ600,000 በላይ የሚሆኑ ወታደሮችና ነርሶች የአገልግሎት ፋይል በካናዳ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ተጠብቆ በኢንተርኔት ተለቋል። የምልመላው ቅጽ የልደት ቀን፣ የተወለደበትን ከተማ ወይም መንደርና የቅርብ ዘመድ ስም ከነአድራሻው ይጠይቃል። በ1914 ከተሰለፉት የመጀመሪያዎቹ ወታደሮች ከግማሽ በላይ የሆኑት በብሪታንያ የተወለዱ ስለነበሩ፣ ራሱ አያት ባይዘምት እንኳ የዘመተ ታናሽ ወንድም ፋይል የቤተሰቡን መንደር ሊያሳይ ይችላል።

በምዕራብ ካናዳ ለሰፈሩ ሰዎች ደግሞ የመሬት ፋይል አለ። በ1872 ሕግ መሠረት አንድ ሰፋሪ 10 ዶላር የመመዝገቢያ ክፍያ ከፍሎ 160 ኤከር መሬት ይወስዳል፤ ሦስት ዓመት ኖሮበት፣ ቤት ሠርቶና አርሶ ሲያሳይ ባለቤትነቱ ይጸናለታል። ፋይሉ ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ቍጥር ሳይቀር ይናገራል።

አንድ ሰነድ ግን መፈለግ አያስፈልግም። ከእንግሊዝ የመጡ ሰዎች የብሪታንያ ንጉሥ ተገዦች ስለነበሩ በካናዳ ዜግነት ማመልከት አያስፈልጋቸውም ነበር። የካናዳ ዜግነት ሕግ ከጥር 1 ቀን 1947 በፊት አልነበረም። ከጀርመን ወይም ከዩክሬን የመጣ ሰው የዜግነት ፋይል ሲኖረው እንግሊዛዊው የሌለው በዚህ ምክንያት ነው።

የባሕር ጉዞ መዝገቦች

በኬቤክ ወደብ የመንገደኞች ዝርዝር በተከታታይ የሚገኘው ከ1865 ጀምሮ ነው፤ በሃሊፋክስ ከ1881 ጀምሮ። ቀደም ያሉት ዝርዝሮች ስም፣ ዕድሜና ሥራ ብቻ ይይዛሉ። ከ1919 እስከ 1924 እያንዳንዱ መንገደኛ የሚሞላው የግል ቅጽ ነበር፤ ከዚያ እስከ 1935 ያሉት ዝርዝሮችም የትውልድ ቦታና በመጣበት አገር ያለ ዘመድ አድራሻ ይይዛሉ። በብሪታንያ በኩል ከ1890 እስከ 1960 ከአገር የወጡ መንገደኞች ዝርዝር በለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት አልተጠበቁም።

ብዙ ሰዎች በኒው ዮርክ በኩል ዞረው በባቡር ወደ ካናዳ ገብተዋል። ከአሜሪካ ወደ ካናዳ ለሚሻገሩ ሰዎች ከ1908 በፊት የድንበር ምዝገባ ስላልነበረ፣ ስማቸው በካናዳ ወደቦች አለመገኘቱ አልመጡም ማለት አይደለም።

የመርከቡ ስም በቤተሰብ ወግ ውስጥ ትልቅ ቦታ ይሰጠዋል። ለጥናቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቅሙ አነስተኛ ነው፤ አብረው የተሳፈሩት ሰዎች ስም ከመርከቡ ስም ይልቅ ይናገራል። ስደተኛ ብቻውን የሚሄደው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የሚስት ወንድም፣ የጎረቤት ልጅ፣ የአንድ አጥቢያ ሰዎች አብረው ተጉዘው አጠገብ ለአጠገብ ይሰፍራሉ። የራሱ ስም እጅግ የተለመደ ሆኖ ያስቸገረ አያት መንደሩ የሚገኘው እንግዳ ስም ባለው ጎረቤቱ በኩል ሊሆን ይችላል።

የቤት ልጆች

ከ1869 እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከ100,000 በላይ ሕፃናትና ወጣቶች ያለወላጅ ከብሪታንያ ወደ ካናዳ ተልከዋል። በካናዳ «የቤት ልጆች» ይባላሉ፤ ስሙ የመጣው ከማሳደጊያ ቤቶቹ ነው። በ1869 ማሪያ ራይ የመጀመሪያውን ቡድን ይዛ ናያግራ ኦን ዘ ሌክ ደረሰች፤ በ1870 አኒ ማክፈርሰን ተከተለች፤ ከ1882 ጀምሮ የቶማስ ባርናርዶ ድርጅት ብቻውን ወደ 30,000 የሚጠጉ ልጆች ላከ። ልጆቹ በኦንታሪዮና በሌሎች ክፍለ ሀገራት ለገበሬዎች በውል ተሰጡ፤ ወንዶቹ በእርሻ፣ ሴቶቹ በቤት ሥራ አገለገሉ። አንዳንዶቹ እንደ ልጅ ታዩ፤ ሌሎቹ ተደበደቡ፣ ትምህርት ተከለከሉ፣ ከወንድምና እኅታቸው ተለያይተው ቀሩ። በ1874 ጉዳዩን እንዲመረምር የተላከው አንድሩ ዶይል ቁጥጥሩ የላላ መሆኑን በ1875 ባወጣው ዘገባ ነቅፏል። ካናዳ ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ያለወላጅ እንዳይገቡ የከለከለችው ግን በ1925 ነው።

ለዘር ሐረግ ጥናት ይህ ታሪክ ከባድ የሚሆንበት ምክንያት ዝምታው ነው። የቤት ልጅ መሆን እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር ብዙዎቹ ለትዳር ጓደኛቸው እንኳ ሳይናገሩ ሞተዋል። ልጆቻቸው የሚያውቁት «አባታችን እንግሊዝ ውስጥ ወላጆቹ ሞተውበት መጣ» የሚለውን ብቻ ነው። መዝገቡ ሲከፈት ግን ከልጆቹ ብዙዎቹ ወላጅ አልባ እንዳልነበሩ ይታያል። እናት በድህነት ወይም በባሏ ሞት ምክንያት ለጊዜው ብላ ያስገባችው ልጅ ወደ ባሕር ማዶ ተልኮ ቀርቷል።

ፍለጋው የሚጀመረው ከካናዳ ቤተ መዛግብት የቤት ልጆች ማውጫ ነው፤ በዚያ የመርከቡ ቀንና ልጁን የላከው ድርጅት ይገኛል። ቀጥሎ ለድርጅቱ ወይም መዝገቡን ለወረሰው ተቋም ይጻፋል። የባርናርዶ ድርጅት ልጆቹን ሲቀበል ፎቶግራፍ ያነሣ ስለነበር፣ ተወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ የአያታቸውን የልጅነት ፊት የሚያዩት በዚህ መንገድ ነው። የመግቢያው ታሪክ የወላጆችን ስም፣ ሥራ፣ የሞቱበትን ምክንያትና የዘመዶችን አድራሻ ሊይዝ ይችላል። የልጁ የራሱ የልደት ቀን ግን ሁልጊዜ አይታመንም፤ ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በትክክል አያውቁም ነበር። ከእነዚህ ልጆች በሺህ የሚቆጠሩት በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘምተዋል፤ በምልመላው ቅጽ ላይ የቅርብ ዘመድ ሆኖ የተጻፈው ገበሬው፣ ድርጅቱ ወይም እንግሊዝ የቀረች እኅት ሊሆን ይችላል።

የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በየካቲት 2010 ያለወላጅ ወደ ባሕር ማዶ የተላኩትን ልጆች በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። የካናዳ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በየካቲት 2017 የይቅርታ ውሳኔ አሳልፏል።

በእንግሊዝ በኩል የሚገኙ ማስረጃዎች

የእንግሊዝና ዌልስ መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን መመዝገብ የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የእናቲቱን የቀድሞ የቤተሰብ ስም ይይዛል። ማውጫው በሦስት ሦስት ወር ተከፋፍሎ በምዝገባ ወረዳ የተደራጀ ሲሆን የወረዳው ስም የመንደሩ ስም አይደለም፤ አንድ ወረዳ በርካታ አጥቢያዎችን ያቅፋል። እስከ 1875 ድረስ ልደትን ባለማስመዝገብ የሚያስቀጣው ሕግ ጥብቅ ስላልነበረ ያልተመዘገቡ ልጆች አሉ። ስኮትላንድ የራሷ ምዝገባ አላት፤ የጀመረችውም በ1855 ነው። ስለዚህ በካናዳ መዝገብ «ብሪታንያዊ» የተባለ ሁሉ በእንግሊዝ አይፈለግም።

የሕዝብ ቆጠራው በስም መዝግቦ የቆየው ከ1841 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት ከ15 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ዕድሜ ወደ ታች ወደ 5 ብዜት ስለተጠጋጋ 34 ዓመት የሆነው ሰው 30 ተብሎ ተጽፏል፤ የትውልድ ቦታም በዚያው ካውንቲ ውስጥ መሆን አለመሆኑ ብቻ ነው የተጠየቀው። የ1851 ቆጠራ ግን የተወለዱበትን አጥቢያና ከቤቱ አባወራ ጋር ያላቸውን ዝምድና ይናገራል፤ ለስደተኛ ቤተሰብ ታላቁ በር ይኸው ነው። ቆጠራዎቹ የሚከፈቱት ከ100 ዓመት በኋላ ሲሆን የ1921ዱ በ2022 ተከፍቷል። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ወድሟል፤ በ1941 በጦርነቱ ምክንያት ቆጠራ አልተደረገም።

ከ1837 በፊት የሚያገለግለው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሚኒስትር ቶማስ ክሮምዌል በ1538 እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዘዘ። ከዚያን ዘመን ጀምሮ ሳይቋረጥ የቆየ መዝገብ ያለው አጥቢያ ጥቂት ነው፤ በ1640ዎቹና በ1650ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነትና የሪፐብሊኩ ዘመን በብዙ ቦታ ክፍተት ትቷል። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የመዝገቡ ቅጂ በየዓመቱ ለጳጳሱ ይላክ ስለነበር ዋናው ቢጠፋ ቅጂው ሊተርፍ ይችላል። ከ1754 ጀምሮ ከአይሁድና ከኩዌከሮች በቀር ማንም ሰው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካልተጋባ ጋብቻው አይጸናም ነበር፤ ስለዚህ የሜቶዲስት ወይም የባፕቲስት ቤተሰብ ልጆች ጥምቀት በራሳቸው የጸሎት ቤት መዝገብ፣ ጋብቻቸው ግን በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይገኛል። ከ1813 ወዲህ ጥምቀት በታተመ ቅጽ ላይ ስለሚጻፍ የአባትን ሥራና መኖሪያ ይጨምራል። አንጥረኛው ጆን ስሚዝ ከእረኛው ጆን ስሚዝ የሚለየው በዚህ ነው።

በዘመን አቆጣጠር በኩል እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዝ ዓመት የሚጀምረው መጋቢት 25 ቀን ነበር። በመዝገብ ላይ የካቲት 1720 የተባለው ቀን በዛሬው አነጋገር የካቲት 1721 ነው። በዚያው በ1752 ከመስከረም 2 ቀጥሎ ያለው ቀን መስከረም 14 ተብሎ አገሪቱ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ገባች። ይህን ያላስተዋለ ሰው በየካቲት የተጠመቀ ልጅ ወላጆቹ ከመጋባታቸው ከወራት በፊት የተወለደ ይመስለዋል።

የድሆች ሕግ ወረቀቶች ከአጥቢያ መዝገብ ይልቅ ስለ ተራ ሰው ብዙ ይናገራሉ። በ1662 ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ድሃ የሚረዳው በሕግ «በሚገባበት» አጥቢያ ብቻ ነበርና፣ ሌላ ቦታ የተገኘ ችግረኛ የት እንደተወለደ፣ ለማን እንደተቀጠረ፣ መቼ እንዳገባ ተጠይቆ ቃሉ ይጻፋል። በ1834 የወጣው አዲስ የድሆች ሕግ ደግሞ አጥቢያዎች ለስደት ገንዘብ እንዲያወጡ ስለፈቀደ፣ በአጥቢያው ሒሳብ ውስጥ ወደ ካናዳ ለሄደ ቤተሰብ ጫማና ልብስ የተገዛበት ወጪ ሊገኝ ይችላል። ባለጸጎች ኑዛዜ ይተዋሉ፤ ከጥር 1858 በፊት ያለው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በመንግሥት መዝገብ ይፈለጋል። «በካናዳ ላለው ልጄ» የሚል ኑዛዜ አንዱ ገጽ ብቻውን ሁለቱን አገሮች ያገናኛል።

ቤተሰብ አንድ ቦታ ብቻ ይወለዳል ማለትም አይደለም። በካናዳ ሥነ ጽሑፍ የታወቁት እኅትማማች ካትሪን ፓር ትሬልና ሱዛና ሙዲ በ1832 ወደ ላይኛው ካናዳ መጥተው በኋላ ሌክፊልድ በተባለው አካባቢ ሰፈሩ። ካትሪን በ1802 በለንደን አጠገብ በሮዘርሃይዝ፣ ሱዛና በ1803 በሰፎክ በባንጊ ተወለዱ። ባሎቻቸው ደግሞ የስኮትላንድ የኦርክኒ ደሴቶች ሰዎች ነበሩ። ወንድማቸው ሳሙኤል ስትሪክላንድ በ1825 ቀድሞ መጥቷል። በታወቁ ጸሐፊዎች ቤተሰብ እንኳ ሦስት የመዝገብ ሥፍራዎች ያስፈልጋሉ፤ ደብዳቤ ባልተወ የቀን ሠራተኛ ቤተሰብ ነገሩ ምን ያህል እንደሚጠብቅ መገመት አያስቸግርም።

የሚያሳስቱ የቦታ ስሞች

ሰፋሪዎች የአገራቸውን ስሞች ወደ ካናዳ ይዘው ሄደዋል። በኦንታሪዮ ለንደን የምትባል ከተማ አለች፤ የምትገኘው በሚድልሴክስ ካውንቲ ውስጥ ሲሆን በመካከልዋ የሚፈስሰው ወንዝም ቴምዝ ይባላል። ስለዚህ «ለንደን፣ ሚድልሴክስ» የሚል የትውልድ ቦታ ከሁለቱ አገሮች የየትኛው እንደሆነ ከሌላ ማስረጃ ጋር ሳይመሳከር አይወሰንም። ፒተርቦሮ፣ ስትራትፎርድ፣ ዊትቢና ደርሃምም እንዲሁ በሁለቱም አገሮች አሉ። በእንግሊዝ ውስጥ ራሱ ሳተን፣ ኒውተንና ኖርተን የሚባሉ ቦታዎች በብዙ ካውንቲዎች ይገኛሉ። የካውንቲ ድንበሮችም በ1974 በሰፊው ስለተለወጡ የድሮውን ካርታ መጠቀም ግድ ነው።

ማረጋገጥ

ስምና የልደት ዓመት መመሳሰላቸው አንድ ሰው መሆናቸውን አያረጋግጥም። በኢንተርኔት ከሚሠራጩት የትውልድ ዛፎች ብዙዎቹ የሚወድቁት በዚህ ነው፤ አንዱ የገመተውን ሌላው ይገለብጠዋል፣ መቶ ሰው ሲገለብጠው እውነት ይመስላል። የሚታመነው ዘዴ ተቃራኒውን መሞከር ነው። አያት ሊሆን ይችላል የተባለው ሕፃን በልጅነቱ ተቀብሮ እንደሆነ በቀብር መዝገብ ይታያል፤ ስደተኛው ካናዳ ከገባ በኋላ ያ ሰው በእንግሊዝ ቆጠራ ላይ አሁንም ካለ፣ ወይም እዚያው አግብቶ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ነው። ይህ ምርመራ የሚያስፈልግበት ልዩ ምክንያት አለ፤ ሕፃን ሲሞት ቀጥሎ ለሚወለደው ያንኑ ስም መስጠት በእንግሊዝ የተለመደ ነበር። የመጀመሪያው ዊልያም ሞቶ ሁለተኛው ዊልያም ካናዳ ሄዶ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም የስደተኛው ልጆች ስም ከተገመቱት አያቶች ስም ጋር መግጠሙ፣ የጋብቻ ምስክሮች ወንድሞች መሆናቸው፣ የአባት ሥራ በሁለቱም አገር አንድ መሆኑ ተደምረው ማስረጃውን ያጠነክሩታል።

ከ2000ዎቹ ወዲህ የዘረ መል (ዲኤንኤ) ምርመራ በዚህ ላይ ተጨምሯል። ቀጥተኛ የአጎት ልጆች በአማካይ 12.5 በመቶ የሚሆን ዘረ መል ይጋራሉ፤ ዝምድናው በራቀ ቁጥር መጠኑ በፍጥነት ይቀንሳል፣ ከሦስተኛ ትውልድ የአጎት ልጆች አንዳንዶቹ ምንም የሚታይ ነገር አይጋሩም። ስለዚህ ምርመራው ብቻውን ስም አይሰጥም፤ በእንግሊዝ የቀሩት ዘመዶች ተወላጆችም ተመርምረው ከወረቀት ማስረጃ ጋር መገናኘት አለባቸው። በተለይ የሚጠቅመው በልደት ምስክር ወረቀት ላይ የአባት ስም ባዶ በሆነበት ጊዜ ነው፤ ከቤት ልጆች መካከል እንዲህ ያለ ወረቀት ያላቸው ጥቂት አይደሉም። የሚገኘው መልስ በእንግሊዝ ያለ ሌላ ቤተሰብ ሳያውቀው የቆየ ምስጢር ሊሆን ስለሚችል፣ ተመራማሪዎች በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስም ከዛፉ ላይ ይሸሽጋሉ፤ ለተገኘው ዘመድም ከሁሉ በፊት አጭር ደብዳቤ ጽፈው መልሱን ይጠብቃሉ።